ጣሂራ የመረጠችው ባሩድ

ቅድመ አያቴን ማህጁብን አንድ ዓመት ሙሉ በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም። "ጭስ" ነበር የሚሉት። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ መሄጃ ላይ ያለችው መንደራችን ውስጥ ልጁም አዋቂውም "ጭስ መጣ፣ ጭስ ሄደ" ይላል። ድሮ ነው፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል። እስቲ አስቡት፣ አዳኝ ሆነህ፣ የአዳኝ ልጅ ሆነህ፣ ጭስ ስትባል!

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት ነው። ማህጁብ ነፍጥ ነበረው፣ ያ በአፉ የሚጎርሰው። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈስሳለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ፣ ከላይ እርሳሱን ትጨምራለህ። ከኋላ ደግሞ ነጋዴዎቹ ከብሱን የሚሏትን፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የማታክል የመዳብ ቆብ፣ ወደ ባሩዱ የምታስገባ ቀዳዳ ያላት ጉጥ ላይ ትደፋለህ። ምላጩን ስትስብ መምቻው ቆቧን ይመታታል፣ ቆቧ እሳት ትተፋለች፣ ባሩዱ ይፈነዳል። አለቀ። ያለችህ አንድ ጥይት ናት። ሁለተኛዋን እስክትጎርስ ማን ይጠብቅሃል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ማሽላው ማሸት ሲጀምር፣ ጎሽ ከወንዙ ዳር እየወጣ ማሳ ይገባል። ማህጁብና የሚስቱ ወንድም ኻሚስ አንዱን ጆሮው የተቀደደ ጎሽ ተከትለው ቀርከሃው ውስጥ ደረሱበት። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ማህጁብ አነጣጠረ፣ ሳበ። ቆቧ "ጧ!" አለች። ባሩዱ ግን "ፍሽሽሽ..." እርሳሱ ከአፈሙዙ ወጥቶ እግሩ ስር ጠብ አለ። በቃ፣ ነጭ ጭስ ብቻ። ጎሹ ከጭሱ ውስጥ መጣና ኻሚስን በቀንዱ አነሳው።

ኻሚስ አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ጭኑ ግን ተሰብሮ ጠሞ ገጠመ። ከዚያ በኋላ በዱላ ነው የሚሄደው። እርሻ አይችልም፣ ማሳው ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጦ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። "ባሩዱ ረጥቦ ነው" ሲል ማህጁብ፣ ኻሚስ ከማማው ላይ ሆኖ "ልቡ ነው የረጠበው!" ይላል። ሰውም ከኻሚስ ጋር ሳቀ። ለምን አይስቅ? የመንደሩ አዳኝ ሁሉ ባሩድ የሚገዛው ከአንድ ነጋዴ ነው። የሌላው ሰው ነፍጥ ሲጮህ የማህጁብ ብቻ እንዴት ይከሽፋል? እጁ ሲንቀጠቀጥ ባሩዱን ሜዳ ላይ ደፍቶት ነው አሉ። ጭስ አሉት።

ዓመቱ ዞረ፣ ማሽላው አሸተ፣ ጆሮ ቀዳዳው ጎሽም ተመልሶ መጣ። በአራት ቀን ውስጥ የሦስት ሰው ማሳ ደመሰሰ። ሼህ ዐብዱልቃድር፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሰዉን ሾላው ስር ሰበሰቡ።

"ከሸርቆሌ አዳኝ ይምጣ" አሉ።

ማህጁብ ተነሳ። "ሼሁ፣ እስከ ጁምዓ ቀን ስጡኝ።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "እኛ ጎሹን ግደል ነው ያልነው፣ እጠነው አላልንም!" አለ አንዱ።

ሼሁ አልሳቁም። "እስከ ጁምዓ ይሁንልህ። ግን ስማ ልጄ፣ ዘንድሮም ከከሸፈብህ ያንን ነፍጥ እዚህ ዛፍ ስር ታስቀምጠዋለህ። የሸርቆሌው ሰው ይወስደዋል። ሁለተኛ ነፍጥ አትይዝም።"

የአባቱ ነፍጥ ነው እኮ! ማህጁብ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል?

እቤት ሲገባ ቅድመ አያቴ ጣሂራ ሰምታ ጠበቀችው። አንድ ዓመት ሙሉ በባሏና በወንድሟ መሃል የኖረች ሴት ናት፤ ለአንዱ ምግብ ስትወስድ ሌላው ያኮርፋታል።

"ነገ አሶሳ አብሬህ እሄዳለሁ። ባሩዱን እኔ ነኝ የምመርጠው" አለችው።

"አንቺ ስለ ባሩድ ምን ታውቂያለሽ?"

"ከአንድ ገበቴ አሸዋ ውስጥ የወርቅ ብናኝ የማወጣ ሰው ነኝ። ጥቁሩን ከጥቁሩ መለየት ያቅተኛል?"

እውነቷን ነው። ያገሬ ሴቶች ወርቅ ሲያጥቡ አይታችሁ ከሆነ፣ ገበቴውን እንዴት እንደሚያሽከረክሩት ታውቃላችሁ። ዓይናቸው ምንም አያልፈውም። ጣሂራ ደግሞ ከነሱም የተለየች ነበረች።

እናላችሁ ገበቴዋን ተሸክማ አሶሳ ገበያ ገባች። ነጋዴው ሙርሳል ይባላል፣ ከሱዳን በኩል በግመል የሚመጣ ወፍራም ሰውዬ። ፊቱ አንድ ጆንያና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ባሩድ ዘርግቷል። ጣሂራ ከጆንያው አንድ እፍኝ ወስዳ ገበቴዋ ላይ አድርጋ ማሽከርከር ጀመረች፣ በደረቁ።

"ያ ኡኽቲ! እህቴ፣ ባሩድ እኮ ነው፣ ወርቅ ይወጣዋል ብለሽ ነው?"

"የሚወጣውንማ እናያለን።"

ወጣ። ብናኙ የገበቴውን ሆድ አጠቆረው፣ ፍሬው እዚህም እዚያም ተጣብቆ ቀረ። ደፋችና ከቆርቆሮው ያዘች። ይሄኛው እንደ ጤፍ አንድ ላይ ይንሸራተታል፣ ገበቴውን አላቆሸሸም። ከዚያ ገል ለምና ከሁለቱም ቁንጥር ቁንጥር አስቀምጣ እሳት አስነካች። የቆርቆሮው ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ገሉ ላይ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ቀረ። የጆንያው ግን ተንጫጭቶ እንደ በግ በጠጥ ጥቁር ድብልብል ትቶ ሄደ።

"ይሄን የጆንያውን ለጠላትህ ሽጠው" አለችው።

"እኔ ደንበኛ እንጂ ጠላት የለኝም።"

"እሱን ከሸጥክ ይኖርሃል።"

ገበያተኛው ተሰብስቦ ይስቃል። ሙርሳልም ሳቀ። ከብሱኖቹንም አንድ በአንድ በጥፍሯ እያገላበጠች አየች፤ አረንጓዴ ነገር የጀመራቸውን ጣለች፣ ጠርዛቸው የተሰነጠቀውን ጣለች። ማህጁብን ባዶውን ነፍጥ አስያዘችና አፈሙዙ ስር አንድ የሣር ቅጠል አቆመች። "ቆቧን ብቻ ተኩስ" አለችው። ጧ! ሣሩ ተርገበገበ። እሳቱ ቀዳዳውን አልፎ እስከ አፈሙዙ ደርሷል ማለት ነው። ሦስት ሞከረች፣ ሦስቱም አርገበገቡት። ከዚያ ላባዋን አወጣች። የአሞራ ላባ አገዳ ነው፣ ወርቅ የሚቀመጥበት። የሦስት ወር ድካሟን ሙርሳል እጅ ላይ አራገፈችው፤ እሱም ከትልቁ ቆርቆሮ በትንሽ ቆርቆሮ ሞልቶ ሰጣት።

ሊሄዱ ሲሉ ሙርሳል "ማህጁብ አምናም የገዛኸኝ እኮ ከቆርቆሮው ነው። ወላሂ፣ ከጆንያው ሰጥቼህ አላውቅም" አለ።

ማህጁብ ፊቱ ጠቆረ። ባሩዱ ደህና ከነበረ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ወንዙ ጋ ሲደርሱ "ጣሂራ፣ ሳላውቀው ፈርቼ ይሆን እንዴ?" አላት። እሷም ገበቴዋን አስተካክላ ተሸክማ ወንዙን ተሻገረች።

እቤት ሲደርሱ ማህጁብ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ከአባቱ የወረሰው ወግ ነው፦ ለአዲስ አደን አዲስ የባሩድ ቀርከሃ መቁረጥ። ሌላው አዳኝ ባሩዱን በበሬ ቀንድ ነው የሚይዘው፣ እነማህጁብ ቤት ግን ቀርከሃ ነው። እንዲያውም የሚያምር ቆረጠ፣ አረንጓዴ፣ በቢላ ዙሪያውን አስጌጠው። ባሩዱን ከትንሹ ቆርቆሮ ገለበጠበት። ጥቂት ብቻ ቆርቆሮው ስር ተረፈ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለጁምዓ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጣሂራ አላስችል አላት። ቀርከሃውን ከፍታ ቁንጥር ወሰደችና ገበቴዋ ላይ አሽከረከረችው። አልሄደም! ተጣበቀ። ገል ላይ አድርጋ እሳት አስነካችው። ፍሽሽሽ...

ማህጁብ ውጭ ሆኖ ድምፁን ሰማ። ያን ድምፅ አንድ ዓመት ሙሉ በሕልሙ ሲሰማው ነው የከረመው። ሮጦ ገባ። ጣሂራ ቆርቆሮው ስር የቀረውን አነደደች፤ ብልጭ፣ ጠፋ። ከዚያ ያን የሚያምር ቀርከሃ ባሩዱን አራግፋ ባዶውን በመጥረቢያ ለሁለት ሰነጠቀችው። ውስጡ አልቦታል። ጠብታ ጠብታ፣ ልክ እንደ ሰው ግንባር።

"አባቴም አዲስ ነበር የሚቆርጠው!" አለ ማህጁብ።

"አባትህ መቼ ነበር የሚያድኑት?"

ማህጁብ አሰበ፣ አሰበ። "በበጋ።"

"በበጋ ቀርከሃው ራሱ ውሃ ጠምቶታል። አንተ ክረምት የጠጣውን ቆርጠህ ባሩዴን ጠብቅልኝ ትላለህ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለ ይባላል። ሳቀ ወይስ አለቀሰ፣ አንዱ እንደዚህ ሌላው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ጣሂራ ግን ጊዜ አልነበራትም። እርጥቡን ባሩድ ቆዳ ላይ አስጥታ፣ ከምድጃው አርቃ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ለፀሐይ ስታዞረው ዋለች። እንደገና ገበቴ፣ እንደገና ገል፣ ብልጭ እስኪል ድረስ። ከዚያ ጣሪያው ስር ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የባሚያ ዘር ማስቀመጫዋን አወረደች። እሱም ቀርከሃ ነው፣ ግን አምስት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ከሰል የመሰለ። ዘሯን ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው።

"ዘሬን አምስት ክረምት አላሻገተብኝም። ባሩድህን አንድ ቀን ያቅተዋል?"

ጁምዓ ንጋት ላይ ካፊያ ነበር። ማህጁብ ያን ጥቀርሻ ቀርከሃ በትከሻው አንግቶ ሲወጣ ሰዉ በየደጁ ቆሟል። "ጭስ ዛሬ ደግሞ ጭስ ተሸክሟል!" አለ አንዱ። እንዳጋጣሚ ልክ ነው እኮ።

ማሳው ጋ ሲደርስ ኻሚስ ከማማው ወርዶ በዱላው ቆሟል። ጣሂራም ከኋላ ነበረች።

"ባሩዱን ማነው የመረጠው?" አለ ኻሚስ።

"እኔ" አለች ጣሂራ።

"ቆቧንስ?"

"እኔ አልኩህ።"

"እንግዲያው አብሬው እሄዳለሁ። ባሏን ባላምን እህቴን አምናለሁ።"

በዚያ እግሩ! ጎሹ ቢመጣ መሮጥ የማይችል ሰው! ጣሂራ ልትከለክለው አፏን ከፈተች፣ ግን የከለከለች እንደሆነ በራሷ ባሩድ አላመነችም ማለት ነው። ዘጋችው። ቆቧ ጉጡ ላይ ስትደፋ ዙሪያዋን በሰም አሸገችው፣ ካፊያው እንዳይገባ። "ሂዱ" አለች።

ማሽላው ውስጥ ተንበርክከው ጠበቁ። ኻሚስ በሹክሹክታ "ከከሸፈ በዱላዬ እኔ እጨርሰዋለሁ። አንተ ሩጥ" አለ።

"አምናም አልሮጥኩም።"

"አውቃለሁ።"

ማህጁብ ዞር አለ። ኻሚስ ፊት ለፊቱን እያየ "ያን ቀን ጎሹን ከላዬ ላይ በሰደፍ እየደበደበ ያባረረው ማን እንደሆነ ዓይኔ አይቷል" አለ።

"ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን አልተናገርክም?"

"እግሬን ያመኝ ነበራ!"

በዚህ መሃል ማሽላው ተንቀሳቀሰ። ጆሮ ቀዳዳው ወጣ። ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ቀንዱ እንደ ቀንበር የሰፋ። አሸተተና ወደ እነሱ ዞረ። ማህጁብ አልቸኮለም። ሰላሳ እርምጃ። ሃያ። አስራ አምስት ላይ ጎሹ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተነሳ፣ ማህጁብም ትከሻው መጋጠሚያ ላይ አነጣጥሮ ሳበ።

ድምፁ መንደር ድረስ ተሰማ። ማማው ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ተነሱ። ጭሱ ሁለቱንም ዋጣቸው፣ ጎሹ ይምጣ ይቅር አይታይም። ማህጁብ ባሩዱን ሲያፈስስ፣ ኻሚስ በአንድ እግሩ ቆሞ ዱላውን አንስቷል። ከዚያ ካፊያው ጭሱን አወረደው። ጎሹ በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ላይ፣ አፍንጫው መሬት ነክቷል።

ኻሚስ ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠና "ማህጁብ! ማህጁብ! ማህጁብ!" እያለ ስሙን ጮኸ። ዓመት ሙሉ ያልተጠራውን ስም ያን ጠዋት ሰዉ ሁሉ እየጮኸ መጣ። ሼህ ዐብዱልቃድርም እጁን ይዘው "ነፍጥህን ያዝ፣ ልጄ" አሉት።

ማህጁብ ግን ምን አለ መሰላችሁ? ሰዉ ሁሉ እንደከበበው ቆሞ "ጣቱ የኔ ነው። ባሩዱ የጣሂራ ነው" አለ። እኛ ቤት ይሄ ሲነገር ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ እኔም ጭምር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከባምባሲ፣ ከሸርቆሌ፣ አዳኝ ሁሉ ወደ አደን ከመውጣቱ በፊት ባሩዱን ይዞ ጣሂራ ደጅ ይሰለፍ ጀመር፤ እሷም ገበቴዋን ታሽከረክራለች፣ "ይሄ ይሂድ፣ ይሄ ይቅር።"

ያን ዕለት ግን ኻሚስ የጎሹን ጅራት ቆርጦ፣ እያነከሰ ሄዶ ለእህቱ ሰጣት። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ጣሂራ ጅራቱን ተቀበለችና ማህጁብን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ቀርከሃዬስ? ባሚያዬ ሰፌድ ላይ ተዘርግፎ ነው ያለው፣ ዶሮ ሊጨርሰው ነው።"

ማህጁብ ከትከሻው አውርዶ ሰጣት። ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"በጨርቅ ጥረገው። ውሃ እንዳታስነካው። ከዚያ ቦታው ላይ ስቀልልኝ።"

የጎሹ ገዳይም ሰዉ ሁሉ እያየው፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ሰቀለላት።