ማን ማንን ይቀብራል

እና አንቺ የመሀመድ ሰዒድ ልጅ አይደለሽም እንዴ ይሉኛል ኦቦ ኩማ፣ ነኝ እላለሁ፣ ስልኬ አግዳሚው ላይ ድምፅ እየቀዳ ነው፣ ከታች የሶር ፏፏቴ ያጉረመርማል፣ ጉሙ ቡናው ላይ ተኝቷል፣ እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ ከመቱ የወጣሁት በማለዳ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ፣ በነባሩ ሕዝብና በሰፋሪዎች መካከል የቀብር ሥርዓትና ማኅበራዊ ትስስር፣ ረዘመ፣ አማካሪዬ መምህር ነገራ ሳቁና አሳጠሩልኝ፣ ማን ማንን ይቀብራል፣ ይኸው ነው ጥያቄሽ። ኦቦ ኩማ ተሳታፊ ቁጥር አራት ናቸው፣ የፕሮቴስታንት ሽማግሌ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ነው፣ እንግዲያው ወንድምሽን የቀበርኩት እኔ ነኝ ይላሉ።

ወንድም የለኝም።

ተሳስተዋል ኦቦ፣ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ፣ አልተሳሳትኩም ኢንተላ ኮ፣ አልተሳሳትኩም ልጄ፣ ያኔ ሰፋሪዎቹን ከወሎ በመኪና አምጥተው ያራገፏቸው ሰሞን ነው፣ ወባው ሰዉን ይፈጀዋል፣ አባትሽ ትኩሳት ጥሎት ራሱን አያውቅም፣ እናትሽ የሞተ ሕፃኗን ታቅፋ ደጅ ተቀምጣለች፣ የሚቆፍር ጠፋ፣ አባቴና እኔ ዶማ ይዘን ሄድን። ቋንቋ የለንም። ሕፃኑን ከእጇ ስቀበል ፊቱን ወዴት ናችሁ የምታዞሩት ብዬ በምልክት ጠየቅኳት፣ እጇን ዘረጋች፣ እንዲህ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደዚያው አዞርነው። ከአያቶቼ ጎን ነው፣ ዋንዛው ሥር።

የእሳቸው እጅ አየሩ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። ስልኬ ይቀዳል። ላጥፋው? አላጠፋሁትም፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጫካው በመስኮቱ ይፈሳል፣ አረንጓዴ፣ ጭጋግ፣ አረንጓዴ፣ ወንድሜ ቢኖር ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ያዮ ጫካ ገብቶ ማር ይቆርጥ ነበር፣ ወይ ባጃጅ ይነዳል፣ ጓደኞቼን መንገድ ላይ ሲያያቸው እህቴ የታለች ይላል፣ በነፃ ይወስዳቸዋል፣ ፊቱ ግን አይመጣልኝም፣ የአባቴን ፊት አለብሰዋለሁ፣ ይሰፋዋል።

ግሩም መረጃ ነው ሀያት፣ መምህር ነገራ መነጽራቸውን አውልቀዋል፣ ግን እናትሽ የጠቆመችው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው ወይስ ወደ ወሎ፣ ሃይማኖት ነው ናፍቆት፣ ትንታኔሽ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ዓርብ ማስረከቢያሽ ነው፣ ጠይቂያት። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ይጠሩኛል፣ ካልፈለገች አትጻፊው፣ እሺ? እሺ መምህር። እሺ አልኩ እንጂ ምኑን፣ እናቴ ዙፋን ተሳታፊ ቁጥር አምስት ልትሆን ነው፣ ጉድ እኮ ነው።

ግቢያችን ውስጥ በቆሎ ታሰጣለች፣ በእጇ ትበትነዋለች። እማ፣ ሶር ሄጄ ነበር፣ ኦቦ ኩማ የሚባሉ ሰው፣ እጇ በቆሎው ላይ ይቆማል፣ ስሙን ታውቀዋለች፣ ነገሩህ፣ አይ፣ ነገሩሽ ትላለች፣ ምላሷ ወደ ወንድ ልጅ ሄዶ ተመለሰ። ወንድምሽ፣ ኑሩ ነው ስሙ። ለምን አልነገርሽኝም እማ፣ ምን ብዬ ልጀምረው፣ አባትሽ መቃብሩ ላይ ባለመቆሙ እስኪሞት እንዳፈረ ነው፣ እኔም በዚያው ምሽት ትኩሳቱ ጣለኝ፣ ስነሳ ወደ ሌላ መንደር ወስደውናል፣ ከዚያ ወዲያ መሄዱን ፈራሁት።

እሺ እጅሽስ፣ ወዴት ነበር ያመለከትሽው?

የቱ እጄ?

ሕፃኑን ሲቀበሉሽ፣ አቅጣጫ ስታሳዪያቸው፣ ምን አቅጣጫ ትላለች፣ እኔ አቅጣጫ አላሳየሁም፣ ጎረምሳው ነጠቅ ሲያደርገው ጊዜ ቀስ በል ማለቴ ነበር፣ ቀስ፣ አንገቱን ያዘው።

ቂብላም ወሎም አይደለም። ሦስት ገጽ ትንታኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ይናዳል፣ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው፣ እሷ ግን ክንዴን ጨብጣዋለች፣ እና ወዴት አዞሩት፣ ወዴት አለሽ? ወደ ሰሜን እማ። ወደ ሰሜን? እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ፣ በስልኬ አይቼዋለሁ፣ ቂብላው በዚያ ነው።

አልሀምዱሊላህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደተገኘ የጣሉት መስሎኝ፣ ትላለች፣ በቆሎው መሃል ቁጭ ትላለች።

ዓርብ ጠዋት ነው፣ ጽሑፉን ያለ ኑሩ አስገብቼዋለሁ፣ ተሳታፊዎቼ ሦስት ናቸው፣ ነጥብ ይቀነስብኛል፣ ይቀነስ። እናቴ ከፊት ከፊቴ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ነጠላዋ ጉሙ ውስጥ ይጠፋል ይመጣል፣ ኦቦ ኩማ ዋንዛው ሥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፣ በኦሮምኛ ታናግራቸዋለች፣ ያኔ ያልነበራትን ቋንቋ አሁን እንደ ውሃ ታፈሰዋለች፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፣ ቦታውን ሳይረግጡ ያሳዩዋታል፣ ሣሩ አጠር ብሎ ታጭዷል፣ ማን ያጭደው ነበር ይህን ሁሉ ዓመት፣ አልጠይቅም። ተቀመጠች። የፋቲሃ ዱዓዋን ጨርሳ ቀና ትላለች፣ ትምህርትሽ አይለፍብሽ ሂጂ አንቺ፣ እኔ ትንሽ ልቆይ፣ ትለኛለች፣ እና እሄዳለሁ፣ ዳገቱን፣ ወደ ኋላ ሳላይ፣ ሁለቱ ልጆቿ ጋ ተራ በተራ ትሁን እንጂ፣ ዛሬ ተራው የኑሩ ነው።