የቀዩ ማሽላ ረሃብ

ሂንድ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን የስሌት ሥዕል ደጋግማ አየችው። ሐይቅ ከተማ እህቷ ቤት ተቀምጣ የማስተርስ ጥናቷን እየጨረሰች ነበር፤ አፈሩ በማዳበሪያ የሚጨመረውን ፎስፈረስ ሲያጣ የማሽላ ዘረመሎች ምን እንደሚሆኑ ታሰላለች። ተክል ሲራብ የሚነቁ ዘረመሎች አሉ። ባለፈው ወር ፎስፈረስ የተከለከለው ቀይ ማሽላ ዘረመሎቹ እንደተኙ አይታ፣ “ይኼ ዘር ያለ ማዳበሪያም ይችላል” ብላ አምባሰል ላሉት አባቷ ለአብዱልሃሚድ ነገረቻቸው። እሳቸው ደግሞ ለመንደሩ ነገሩ።

ዛሬ ፎስፈረስ ካገኙት ጋር ስታወዳድር ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የጠገቡት ናቸው ረሃብተኛ መስለው የወጡት። ሦስት ጊዜ አሰላችው፤ ያው ነው። ደብተሯን ገለጠች። ቅጠል ቆርጣ በብልቃጥ የከተተች ዕለት የቀዩን ብልቃጦች ቁጥር አገላብጣ፣ የተራበውን የጠገበ፣ የጠገበውን የተራበ ብላ ጽፋለች። ቀዩም ያለ ማዳበሪያ ይራባል ማለት ነው።

“ያ ረቢ!”

አባቷ ጋ ስልክ ደወለች፣ አይነሳም። ዝናቡ ከጣለ ሦስት ቀኑ ነው፤ እየተዘራ ነው ማለት ነው። በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከዚያ በባጃጅ ገጠር ገባች። መንገዱን ሙሉ ዝም ብትል ማንም እንደማያውቅባት ስታስብ መጣች። ይኸው ሐሳቧ ራሱ አስፈራት።

አባቷ ማሳው መሀል በሬዎቹን አቁመው ሰሟት።

“ይኼን ማን ያውቃል?” አሏት።

“እኔ ብቻ፣ አባ።”

“እንግዲህ እኔም አወቅሁ። እኔስ ገና ግማሹን ነው የዘራሁት። ዑምኩልሱም ግን ያለ ማዳበሪያ ዘርታ ጨርሳለች። ነይ፣ ራስሽ ንገሪያት።”

ዑምኩልሱም ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ፣ ከዚያች ማሳ ሌላ የሌላት ሴት ነች። ሂንድ ደጃፏ ላይ ቆማ ስህተቷን ነገረቻት።

“አንቺን አምኜ ነው እኮ” አለች ዑምኩልሱም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

“አላህ ይየው” አሉ አብዱልሃሚድ፣ “እኔ ጋ የተቆለለ ፍግ አለ። ሳይበቅል እንድረስለት።”

ሁለት ቀን ሙሉ ፍግ በጆንያ ተሸክመው በየትልሙ አለበሱት። የሂንድ መዳፍ ተላጠ፤ ዑምኩልሱም ጀርባዋን ሰጥታት ሌላውን ትልም ያዘች።

በኅዳር የዑምኩልሱም ማሳ ፍጉ ያልደረሰው አንድ ጥጉ ሳስቶ፣ ሌላው ፍሬ ይዞ ታጨደ። ያን ጊዜ ሂንድ ለአማካሪዋ ስህተቷን ጽፋ፣ ጥናቱን ከዘር ጀምራ ነበር። አሁን ብልቃጥ ላይ ቁጥር ስትጽፍ ሁለት ጊዜ ከደብተሯ ጋር ታመሳክራለች።