እሺ አላለችም

ዙሌካ የነጋሲን ሱቅ ደጃፍ ከረገጠች ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ስኳር ሲያልቅባት፣ ሳሙና ሲያልቅባት ልጇን ሉሉን ትልካለች እንጂ እሷ በዚያ መንገድ አታልፍም። የግድ ማለፍ ካለባትም ረክሻ ተሳፍራ፣ ፊቷን በቶቧ ጫፍ ሸፍና ነው።

በዚያ ረቡዕ ግን በእግሯ መጣች። ነጋሲ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለችው ሱቁ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋ ነበር። ሚስቱ ሄርመላ ምስር ትለቅማለች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ነጋሲ።»

«ስኳር ከሆነ ልጅሽ ትውሰድ።»

«ለስኳር አልመጣሁም። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ በሰርግ አዳራሹ የሳብሪን ፊልም ይታያል። የአባቷ ታሪክ ነው። መጥተው እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።»

ሄርመላ ሳቀች። «በሉ እንጂ! ዙሌካ ተዋናይ ሆናለች!»

«እኔን ሆና የምትሠራው ሌላ ልጅ ናት» አለች ዙሌካ አንገቷን ደፍታ። «እኔማ ለፊልም የሚሆን ምን መልክ አለኝ።»

«ፊልም አላይም» አለ ነጋሲ። «ወንድሜ የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ከሆነ ግን እመጣለሁ።»

«ማን እንደጠቆመ ያሳያል።»

የነጋሲ መርፌ ጆንያው ላይ ቆመ። ፊቱን ሳያነሣ፣ «እንመጣለን» አለ።

ዙሌካ በድርቁ ዓመት ከጭልጋ ተነሥታ ድንበር ተሻግራ ሱዳን ስትገባ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ መጠለያው ውስጥ ሞተችባትና ሱሩር ቤት በሠራተኝነት ገባች። ሱሩር በገዳሪፍ ስሙ የሚጠራ ፖለቲከኛ፣ የምክር ቤት አባል ነበር። ከካርቱም የሚመጡ እንግዶች ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው መንግሥት ያፈርሳሉ፣ መንግሥት ይሠራሉ፤ ዙሌካ ሻይ ታቀርባለች። በእሷ ፊት የሚያወሩት በግድግዳ ፊት እንደሚያወሩት ነበር። ሐበሻ ናት፣ ምን ይገባታል! እሷ ግን ዐረብኛውን ከነተረቱ ለምዳው ነበር። ቤተ ሰቡ «ቢቲና» ይላታል፤ «ልጃችን» ማለት ነው። ልጃችን ግን ከልጆቹ ጋር በአንድ ትሪ በልታ አታውቅም።

ሳብሪን የሱሩር የመጨረሻ ልጅ ናት። ያደገችው በዙሌካ ጀርባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ኻልቲ» ትላታለች፤ «አክስቴ» ማለት ነው።

ምክር ቤቱ ተዘግቶ ፖለቲከኛ ሁሉ በሚታደንበት ጊዜ ሱሩር ሸሸ። አብሮት የሸሸው ሹፌሩ ኣስገዶም፣ የነጋሲ ታናሽ ወንድም ነው። ሀዋታ በሚባል ስፍራ ባለው የሱሩር እርሻ በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ መደበቃቸውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዙሌካና የሱሩር ወንድም ሰላሃዲን። የጸጥታ ሰዎች መጥተው የወሰዱት ግን ዙሌካን ነው። ዘጠኝ ቀን በቁሟ አዋሏት፣ በቁሟ አሳደሯት። አፏን አልከፈተችም። በዘጠነኛው ቀን ሰላሃዲን መጣ። ከአዛዡ ጋር ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ በሩ ላይ ቆማ ያለችውን ዙሌካን አይቶ እንኳ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «የሀዋታውን መጋዘን ፈትሹ፤ እኔን ብቻ ተዉኝ» አለ።

በማግስቱ እሷ ተፈታች፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ተያዙ። ሰው ቀኑን አስልቶ ፈረደ። ሐበሾቹ «ጆሮ ጠቢ» አሏት። ሱሩር ከዐሥራ አራት ወር በኋላ ዘመድ ተሯሩጦለት ወጣ። ኣስገዶም የሚሯሯጥለት ዘመድ በዚያ አገር አልነበረውም፤ ሬሳውም አልተገኘ።

ዙሌካ የሰማችውን ለሱሩር ነገረችው። ሱሩር አለቀሰ። ከዚያም እጇን ይዞ፣ «ወንድሜ ነው፤ ምን ላድርግ? የቤታችን ገመና ነው። ልጃችን አይደለሽም?» አለ። እሷም ማለችለት። መሐላውን ሱሩር እስኪሞት ጠበቀችው፣ ከሞተም በኋላ ጠበቀችው። ሉሉ እንኳ አታውቅም።

ካርቱም በጦርነት ስትቃጠል ሳብሪን ካሜራዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። የአባቷን ታሪክ በፊልም ልትሠራ መሆኑን ነግራ፣ ስድስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ ዙሌካን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ጠየቀቻት፣ ድምፅ ቀዳች።

«ኻልቲ፣ አሁን አባቴ ሞቷል። እውነቱን ንገሪኝ። ማን ነው?»

ዙሌካ የዚያን ቀን ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ ነገረቻት። ሳብሪን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቃሌ ነው» አለች። ዙሌካ በዚያ ቃል ተማምና ነው ወደ ነጋሲ ሱቅ የሄደችው።

አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ዙሌካ ሰው ሲያወራት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እህ» ትላለች፤ ያገሯ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። አንዳንዴ እሺታም ይሆናል፤ የሚለየው የሚያውቃት ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከካርቱም የመጣች እንግዳ፣ «ከእኔ ጋር ሄደሽ ትሠሪያለሽ?» ስትላት ዙሌካ ትንፋሿን ሳበች። ሴትዮዋ ደስ ብሏት እጇን ስታጨበጭብ፣ የአምስት ዓመቷ ሳብሪን ከምንጣፉ ላይ ዘልላ ተነሣች። «እሺ አላለችም! እየሰማሁሽ ነው ነው ያለችው!» ሱሩር እስኪያስለው ሳቀ። «ዙሌካ፣ ይህችን ልጅ ሐበሻ አደረግሽብኝ» አለ።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ግጥም አለ። ዙሌካ አዲስ ቶብ ለብሳ ከሉሉ ጋር መሐል ተቀመጠች። ነጋሲና ሄርመላ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበሩ። ፊት ለፊት፣ በነጭ ጀላቢያ፣ ሰላሃዲን ተቀምጧል። አዳራሹ የእሱ ነው። ዙሌካ ስታየው ደነገጠች። ደግሞም፣ በራሱ አዳራሽ ሊሰማው ነው ብላ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

የመስኮቱ መጋረጃ ተዘጋና ፊልሙ ጀመረ። ቤቱ ቤቱን ይመስላል፣ ኒሙም ኒሙን። ከዚያ ሠራተኛይቱ ወጣች። ፊቷን በዱቄት ያቀሏት የካርቱም ልጅ ናት፤ ጥለት ያለው የሀገር ልብስ አልብሰዋታል። ዙሌካ ያንን ግቢ በሀገር ልብስ ጠርጋ አታውቅም። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ወንዱን «አንቺ» ሴቷን «አንተ» የምትል ሆነች። አዳራሹ ሳቀ። ዙሌካም ትንሽ ሳቀች፤ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ የኖረችበት ነው።

«ዩማ፣ አንቺ እንዲህ ነበር የምታወሪው?» አለች ሉሉ በእናቷ ጆሮ።

«ዝም በይ፣ ይመጣል።»

መጣ። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ መኮንን። ሠራተኛይቱ ቆማለች። መኮንኑ ሲጋራውን አጥፍቶ አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የመኖሪያ ፈቃድ። ልጅቷ ወረቀቷን አየች፣ መኮንኑን አየች፣ እንባዋ ወረደ። «ሀዋታ» አለች። «የሰሊጥ መጋዘን።»

ዙሌካ መጀመሪያ ጆሮዋ የተሳሳተ መሰላት። አሁን ይስተካከላል፣ ሕልም ነው ይላሉ፣ ሌላ ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል ብላ ጠበቀች። ማንም አልገባም። የፊልሙ ሱሩር በሰንሰለት ሲወጣ የፊልሙ ሰላሃዲን መኪናውን እያበረረ ወንድሙን ለማዳን ደረሰ። ፊት ወንበር ላይ ያለው ሰላሃዲን መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። «ሄርመላ፣ ተነሺ» አለ ነጋሲ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በሩ ሲከፈት የከሰዓቱ ብርሃን ገብቶ ሥዕሉን አነጣው።

«ዩማ፣ ደ ሰሕ?» አለች ሉሉ። እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ክንዷን ከእናቷ ክንድ ላይ አንሥታ ነበር። ዙሌካ ሳትመልስላት ተነሥታ ሳብሪንን ፍለጋ ወጣች።

ሳብሪንን ያገኘቻት በአዳራሹ ጓሮ፣ የጄኔሬተሩ ቤት አጠገብ ነው። ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ እያሉ ከበዋት ነበር። ዙሌካን ስታይ ሰዎቹን አሰናበተች።

«ኻልቲ፣ ስሚኝ። አንቺ አይደለሽም። ስምሽ የለበትም እኮ።»

«በገዳሪፍ ከእኔ ሌላ የሱሩር ቤት ሐበሻ ነበረች?»

«ፊልም ነው፤ ታሪኩን ለማያያዝ...»

«አጎትሽን ነው ያወጣሽው። ከሥራው አውጥተሽ እኔን ከተትሽ።»

ሳብሪን ዙሪያዋን አየች። «ጠይቄሻለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳልጠይቅሽ አላደረግሁም።» ስልኳን አወጣች፣ የቀዳችውን ፈልጋ ከፈተችው። የራሷ ድምፅ ነበር። ‹ኻልቲ፣ ፊልም ነውና አንዳንዱን ነገር ብቀይረው ትስማሚያለሽ?› ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የዙሌካ ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ፣ «እህ»።

«ይኸው። እሺ ብለሻል።»

ዙሌካ ስልኩን ሳይሆን ልጅቷን አየች። ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። ግንባሯ ላይ ያለችውን ጠባሳ ያገኘችው ከዙሌካ ጀርባ ወድቃ ነው። ይህን ትንፋሽ አንድ ፈረንጅ ቢሳሳተው፣ አንድ መኮንን ቢሳሳተው ምንም አልነበረም።

«ይህ ምን ማለት እንደሆነ» አለች ዙሌካ፣ «ለሰው ሁሉ የምታስረጂው አንቺ ነበርሽ።»

ሳብሪን ድምፁን ዘጋችው። ስልኩን ከረጢቷ ውስጥ ስትከት ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«ሁላችንም ያለነው በአጎቴ ጥላ ነው» አለች በመጨረሻ። «ካርቱም ቤት የለንም። ወንድሞቼ፣ ልጆቻቸው... ስሙ ቢጠፋ የት እንገባለን? አንቺ ግን...»

«እኔ ግን?»

«አንቺን ማን ይነካሻል? ማን ያውቅሻል?»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ዙሌካን የጎዳት ይኸው ነው፤ ሳብሪን አስባበት፣ ማንንም የማይጎዳው ይህ ነው ብላ መርጣ ነው። ዙሌካ የቶቧን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ሉሉ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት፤ አልጠጋም ብላ፣ አልርቅም ብላ።

ነጋሲ ቀድሞ ደርሶ ሱቁን ከፍቶ ነበር። የትናንቱን ጆንያ አልያዘም፤ ሁለት ሰሊጥ ሻጮች ቆመው ሚዛን ይጠብቁታል። ዙሌካ ገብታ ከሚዛኑ ፊት ቆመች።

«ሰላሃዲን ነው» አለች። «በዘጠነኛው ቀን ከአዛዡ ጋር ሻይ እየጠጣ ተናገረ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አልተናገርሁም።»

ሻጮቹ ተያዩ። ሄርመላ ምስሯን አስቀመጠች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሄርመላ። «አፍሽን ማን ሰፋው?»

«ሱሩር ለመነኝ። ልጃችን ነሽ አለኝ። እኔም ልጅ የሆንሁ መስሎኝ።»

ነጋሲ በሚዛኑ ላይ አንድ ድንጋይ ጨመረ፣ መልሶም አነሣው።

«ትናንት እዚህችው ቆመሽ ነበር» አለ። «ፊልም እዩልኝ አልሽኝ። ትናንት ስሙን ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር፣ ዙሌካ። ዛሬ በሰው ፊት ከተዋረድሽ በኋላ የምትዪውን ምን ብዬ ልመን?»

እውነቱን ነው። ከራሷ አፍ ከማውጣት ይልቅ ሳብሪን እንድትናገርላት ጠብቃ ነበር። የዚያ ቤት ሰው ሲናገረው ይታመናል ብላ።

«አይመኑኝ» አለች። «ግን ወንድምዎን በሸሸበት ሌሊት ያየሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።»

ሉሉ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ዙሌካ ወደ ልጇ ዞር ብላ አየችና፣ ሉሉ እንዲገባት ቃሉን ቀስ እያደረገች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ማክሰኞ እንደነበረ፤ ዝናብ እንደዘነበ፤ ኣስገዶም የመኪናውን መብራት አጥፍቶ በጓሮ በር እንደመጣ፤ ጫማው ጭቃ ስለያዘ የጠረገችው ወለል እንዳይቆሽሽባት ደጅ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ እንደገባ።

ሻጮቹ ሰሊጣቸውን ረስተው ቆሙ። ነጋሲ አላቋረጣትም፤ ቀና ብሎም አላያትም። እሷም እንዲያያት አልጠበቀችም፣ ቀጠለች።