የማኪናው ዕድሜ

ጥር 8 ቀን 2015፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ክንዴ ማኪናቸውን ከሚሸጡት ሽማግሌ ከአያ ሰውአገኝ ጋር ዋጋ ቆርጦ ተጨባበጠ። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ነበርን፤ የጥምቀት ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ከወዲያ በኩል ካስማ ይመታሉ።

ክንዴ ያኔ ልቡ ታሞ ነበር። ሐኪሙ እርፍ እንዳይጨብጥ ስለከለከለው መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ሰው እያመላለስን ልንኖር አስበን በሬዎቹን ሸጠናል። የምንገዛው ማኪና ከከዳን ወደ እርሻው መመለሻ የለንም።

ወሩን ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍተን ከረምን። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፉትን ማኪኖች እሱ ፎቶውን ያያል፣ እኔ አነባለሁ። በጣም ካብረቀረቀ ይጠረጥራል። "ለገበያ ያጠቡት ነው፤ እለፊው" ይለኛል። አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲጭን ገጹ ይጠፋና እንሳሳቃለን።

የአያ ሰውአገኝ ነጭ ማኪና ግን ልቡን ወሰደው። ሞዴሉ 2004 ይላል።

"አስራ አንድ ዓመቱ! ገና ጎረምሳ ነው" አለ። እኔም ቀንሼ አስራ አንድ አገኘሁ።

የሻንሲ ቁጥሩን በስልኬ ያነሣሁት ከተጨባበጡ በኋላ ነው። ቁጥሩን ሲያስገቡለት የማኪናን ታሪክ የሚያወጣ ድረ ገጽ አግኝቼ ነበር።

"ምነው ማስተዋል፣ አያን ልትመረምሪያቸው ነው?" አለ ክንዴ አፍሮ።

"ተዋት፣ ታንብብ" አሉ አያ ሰውአገኝ።

ገጹ ተከፈተ። የተሠራበት ዓመት 2004፣ ዕድሜ አስራ ዘጠኝ።

"አስራ ዘጠኝ ይላል" አልኩ።

"ስልክሽ መቀነስ አያውቅማ" አለ ክንዴ።

አያ ሰውአገኝ ሳቁ። "በፈረንጆቹ ነዋ! እኔ በኛ መቼ አልኩ? የተወለደው እዚያ፣ እናንተ የምትቆጥሩለት እዚህ!"

እኛ ዘንድ ከተጨባበጡ ወዲያ ማፈግፈግ ነውር ነው። ክንዴ ጠጋ ብሎ "ቃሌን ሰጥቻለሁ" አለኝ።

"ቃል የሰጠኸው ለአስራ አንድ ዓመት ማኪና ነው።"

ሽማግሌው ሰምተውናል። "በሬ ስትገዛ ጠምደህ ታይ የለ?" አሉት። "ቁልፉን ያዝ። አምባ ጊዮርጊስ ደርሳችሁ ተመለሱ።"

መንገድ ላይ፣ ይህንኑ ዓይነት ማኪና የነዱ ሰዎች የጻፉትን አነበብኩለት። ሲያረጅ ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል፣ የሙቀቱን መርፌ ተመልከቱ ይላሉ። እሱ መንገዱን፣ እኔ መርፌውን እያየን ወጣን። ኮሶዬ ሳንደርስ መርፌው ሽቅብ ተነሣ። ክንዴ ዳር አቁሞ ወረደና ደረቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማኪናው ከፊቱ እንፋሎት ይተፋል።

"ይኼስ ከኔም ብሷል" አለ ሲተነፍስ ቆይቶ። "አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ምን ያደርጋል? እንመልሰው።"

ሞተሩ እስኪበርድ እዚያው ቆየን። ስለ ማኪና አላወራንም። ብርድ ነበር፤ ጋቢውን አካፈለኝ።

ቁልፉን ሲመልስ አንገቱን ደፍቶ "አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቃሌን አጠፍኩ" አለ።

"ምን ታጥፋለህ፣ ዳገቱ ነው ያጠፈው። እግዜር ከዚህ የተሻለ ይስጥህ፣ ልጄ" ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ሚያዝያ ላይ ሌላ ማኪና ገዛን። ክንዴ አንድ ዓመት ያህል ነድቶት ሰኔ 2016 አረፈ። አሁን ወንድሙ ትዕዛዙ በዚያው መስመር ይሠራበታል።