አፈር አጎረሰን

«ታማኝ ነበረች፤ ወላሂ ታማኝ ነበረች። ከሠራችበት ቤት ማንኪያ ጠፋ ሲባል አልሰማንም» አለች ዘኪያ፣ የተጠቀለለችበትን የቶቧን ጫፍ ወደ ዓይኗ እየወሰደች።

ሰሌኑ ላይ የተደረደሩት የወሎ ሴቶች «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከውሰር ግን ራሷን አልነቀነቀችም። እህቷ ሬሕማ ከተቀበረች ጀምሮ እዚህ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር ግቢያቸው የገባ ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። አንዷ ልብስ አተኳኮሷን ታነሳለች፤ ሌላዋ የኦምዱርማን እመቤቷ እንዴት ትወዳት እንደነበር። ሰው ሞቶ መጥረጊያው ይመሰገናል እንዴ? ሬሕማ ገጣሚ ነበረች። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ።

የጠፋውም በታላቅ ወንድማቸው በሁዘይፋ ምክንያት ነው። ገና ከቀብር እንደተመለሱ፣ «ያ ጀማዓ፣ ሙሾም ግጥምም በዚህ ግቢ እንዳልሰማ። ቁርኣን፣ ዱዓ፣ ኸላስ፣ በቃ!» ብሎ ነበር። ታላቅ ነው፤ ከፈኑም ቀብሩም ያለፈው በእሱ እጅ ነው። ማን አፉን ይክፈት?

የግጥሟ ነገር የተጀመረው ካርቱም በገቡበት ዓመት ነው። ሬሕማ ልብስ ስታሰጣ ከሰማዩ ግርጌ ቀይ ግድግዳ ተነሥቶ ሲመጣ አየች። ጎረቤቶቹ «ሀቡብ! ሀቡብ!» እያሉ መስኮት ሲዘጉ፣ እሷን የበረዶ ደመና መሰላት። አባታቸው በወሎ ደጋ በረዶ መላሽ ነበር። ደመናው ሲጠቁር ማሳው ዳር ቆሞ፣ ዱላውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ አንዴ እየለመነ አንዴ እየተሳደበ በረዶውን ወደ ገደሉ የሚሰድ ሰው ነው። እሷም ልብሱን ጥላ ወደ መንገድ ወጣችና በአባቷ ቃል፣ «ተመለስ! ይሄ ባለቤት ያለው ማሳ ነው!» ብላ ጮኸች። የመጣው ግን አቧራ ነበር፤ አፏን ከፍታ ስለጠበቀችው ግማሹን ዋጠችው። ከውሰር ልታስገባት ስትሮጥ፣ እህቷ እንደ ጡብ ቀልታ፣ እየተፋች ትስቃለች። ተፍታ ተፍታ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

ደመና ነኝ ብሎ ቀዩን ካባ ደርቦ፣
አፈር አጎረሰን ካርቱምን ሰብስቦ።

ግጥሟ ሳይውል ሳያድር ትልቁ ገበያ ሱቅ ዐረቢ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሀቡብ በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ልብሳቸውን እንኳ ሳያስገቡ፣ «ሬሕማ ዛሬስ ምን አለችው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከውሰር፣ «ተራራ በሌለበት፣ ዓይን የሚያርፍበት በጠፋበት አገር ግጥሙ ከየት ይመጣልሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከንዴት!» አለች ሬሕማ። «የኛ ተራራ ያምራል፤ ሲያምር ደግሞ ሰውን ዝም ያሰኘዋል። ይሄ ሙቀትና ይሄ ነፋስ ግን በየቀኑ ይተናኮልሻል። ዝም ካልሽው ይለምድብሻል።» ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ሬሕማን አያውቃትም።

በለቅሶው መሃልም ሀቡብ መጣ። ለቀስተኛው ተጋፍቶ ቤት ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ ቀኑ ቡናማ ሆነ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ከውሰር አዩ። ከውሰር ወደ ሁዘይፋ አየች። ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንዳሻው አለፈ። ከውሰር እህቷን ዳግም የቀበረቻት መሰላት፤ በራሷም አፈረች።

አቧራው ጋብ ሲል ወንድሟን ውኃ ሊጠጣ ጋኑ ዘንድ እንደቆመ አገኘችው።

«አያ፣ ሬሕማ ምን በደለችህ?»

«እሷ አይደለችም፤ ምላሷ ነው» አለ ሁዘይፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሰማይን ሲሳደብ ኖረ። በሰባ ሰባት ሰማዩ ተዘጋ። እህሉ አለቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ እሱም አለቀ። ያ ምላስ ነው ለዚህ ያበቃን። እሷ ደግሞ ወረሰችው። አሁን አብሯት ይቀበር።»

«ሰማዩ የተዘጋው ባልተሳደቡትም ላይ ነው፣ አያ። እነዚያ ጭምት ጎረቤቶቻችን የት አሉ? አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው አይደል ያለቁት?»

ሁዘይፋ ውኃውን ጠጥቶ ሄደ።

በካርቱም ልማድ ሐዘን በሦስተኛው ቀን ይነሣል፤ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ ሰው ወደየሥራው ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሰሌኖቹ ተጠቅልለው ግድግዳው ላይ ሲደገፉ፣ ሁዘይፋ እጁን ዘርግቶ የመዝጊያውን ዱዓ ጀመረ። «ያ ረቢ፣ ይህችን ታማኝ ሠራተኛ፣ ይህችን ምስኪን እህታችንን…»

«ምስኪን አልነበረችም!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከውሰር ግቢው መሃል ቆማለች።

«ሠራተኛነቱ ለእንጀራዋ ነበር። ሰማይን ፊት ለፊት የምታናግር ሴት ቀብራችሁ፣ ማንኪያ አልሰረቀችም እያላችሁ ልትበተኑ ነው?»

«ከውሰር፣ ያላ፣ ግቢ!» አለ ሁዘይፋ።

«አልገባም!»

የእህቷን የቀዩን ካባ ግጥም ጀመረችው። ዘኪያ ሁለተኛውን ስንኝ ተቀበለቻት፤ ተቀብላም እያለቀሰች ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ለካ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ያኔ ከውሰር ሬሕማ ሰው ፊት የማትለውን፣ ከእሷና ከሁዘይፋ ጋር ሦስት ብቻ ሲሆኑ የምትለውን አወጣች፦

በረዶ ሲያባርር የኖረው አባቴ፣

እዚህ ላይ አባቷ ዓይኗ ላይ መጣባት። ቀጣዩ ስንኝ ጠፋት። ሴቶቹም አያውቁትም።

በረዶ አምጣ ብሎ አለቀሰ ፊቴ።

ያለው ሁዘይፋ ነው። መሬት መሬት እያየ፣ እንደ ሹክሹክታ። አባታቸው ባዶው ሰማይ ስር ቆሞ በረዶ ሲለምን አጠገቡ የነበሩት ሬሕማና እሱ ናቸው፤ እሱ ግን ይህንን በሕይወቱ ለማንም አንሥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ሴቶቹ ሰሞኑን አምቀው የያዙት ለቅሶ ፈነዳ።

ከውሰር ግድግዳ የተደገፈውን ሰሌን አንሥታ ግቢው መሃል መልሳ ዘረጋችው። ተቀመጠችበትና ወንድሟ የሚቀመጥበትን በመዳፏ ጠረገችለት።