የሚነክሰው ዓሣ

ዲፓንካር ዕድሜ ልኩን የተመኘው ሁለት ነገር ነበር፤ የራሱ ቤትና በቤቱ ውስጥ የዓሣ ገንዳ። ቤቱን፣ ያረጀ ምድር ቤትም ቢሆን፣ ኮልካታ ሰሜን በኩል አገኘ። ባለ መስታወቱን ገንዳ ደግሞ ጡረታ በወጣ ሰሞን ከእሁድ ገበያ በሪክሾ ተሳፍሮ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣው።

«የሰው ባል ዓሣ ይዞ ሲገባ ድስት ይጣዳል፤» አለች ባለቤቱ ሹክላ። «የእኔው ይዞ ሲገባ እኛው ዓሣውን ልንቀልብ ነው!»

ሰውየው የፈለጉትን ቢሉት ግድ አልነበረውም። ሻዩን ይዞ ከገንዳው ፊት ይቀመጣል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ፈገግ እንዳለ ነው። በተለይ አንድ ጥቁር ሆዳም ዓሣ ነበር። አብራቸው የምትኖረው የዲፓንካር እናት ሄምላታ «አማቹ» የሚል ስም አወጣችለት፤ በእነሱ አገር አማች ሲመጣ እስኪጨነቅ ነውና የሚበላው።

የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ ዲፓንካር ለዓሦቹ የውሃ ማሞቂያ ገዛ። የማሞቂያው ስፒና ባለ ሦስት ጥርስ ነው፣ የግድግዳው ቀዳዳ ግን ሁለት ብቻ። ሦስተኛው ጥርስ ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። «ነገ አስተካክለዋለሁ» አለና ስፒናውን ቆርጦ ጣለው፤ ሁለቱን ሽቦዎች ግድግዳው ውስጥ ከትቶ በክብሪት እንጨት ወተፋቸው። እዚያ ሰፈር እንዲህ ያላደረገ ሰው የለም። ያ «ነገ» ግን ሳይመጣ ቀረ። በዚህ መሀል ውሃ ሲቀይር ትኩሱን ማሞቂያ አውጥቶ መልሶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ምንም አልመሰለውም።

እናቱ በማለዳ ገላዋን ትታጠብና እግሯ ሳይደርቅ፣ በባዶ እግሯ ወደ ጸሎቷ ጥግ ትሄዳለች። አማልክቱ ፊት በጫማ አይቆምም። ገንዳው ያለው እዚያው አጠገብ ስለሆነ፣ በመንገዷ ውሃው ላይ የረገፈ ቅጠል ካየች እጇን ከታ ታወጣለች። አንድ ቀን ጩኸቷ ቤቱን አናጋው።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«አማቹ ነከሰኝ!»

«እማ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ሰው የሚነክስበት ጥርስ የለውም!»

«ታዲያ እስከ ክርኔ የጎረሰኝ በምኑ ነው? በድዱ?»

ሹክላ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «አንተ፣ ኮረንቲ እንዳይሆን!»

«ኮረንቲ ቢሆን ዓሦቹ ቀድመው አያልቁም ነበር?» አለ ዲፓንካር። እንደ ሁልጊዜው የላስቲክ ነጠላ ጫማውን ተጫምቶ ነበር፤ ከአልጋው ሲወርድ እግሩ ሲሚንቶ አይነካም። እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ምንም የለም። አማቹ መጥቶ ጣቱን ዳሰሰው። «አያችሁ? በሉ እንዲያው ገንዳው አስጠልቷችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። እናቱም አብራ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ንክሻው አላነሳችም፤ እሱም ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ጠዋት የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ተበጠሰ። ወርውሮት፣ ሹክላ ገና ባጠበችው ወለል ላይ በባዶ እግሩ እየተራመደ ዓሦቹን ሊመግብ መጣ። ጣቱ ውሃውን እንደነካ ክንዱን እስከ ትከሻው የሆነ ነገር መታውና ወደ ኋላ ወረወረው። ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። እሱን እስከዛሬ ያዳነው ላስቲኩ ነበር፤ ዓሦቹንም መሬት አለመንካታቸው። እናቱን ግን ምን ሲያድናት ኖረ?

እየተንደረደረ ሄዶ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ማሞቂያውን ሲያወጣው የመስታወት ሽፋኑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አየ፤ ያን ቀን ጠሽ ያለው ይህ ነበር። ወደ ጸሎቱ ጥግ ሄደ። ሄምላታ አበባ እያሰካች ነበር።

«እማ፣ እጅሽን እዚያ ውሃ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የከተትሽው መቼ ነው?»

«አሁን፣ ከመቀመጤ በፊት።»

«ነከሰሽ?»

«እንደ ወትሮው ነዋ! በየማለዳው ነው የሚነክሰኝ። ውሎ አድሮ ይለምደኛል ብዬ ነው።»

«በየማለዳው? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቱ አበባውን ትታ ቀና አለች። ቁጣ የለባትም። «ነግሬህ ነበር እኮ፣ ልጄ። ሳቅክ።»

ዲፓንካር ደንግጧል፣ አፍሯል፣ ደግሞም በሕይወት ስላገኛት ደስታው ሊገድለው ነው። ጎንበስ ብሎ እንደ አገሩ ወግ በአክብሮት እግሯን ነካ፤ ገና አልደረቀም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። የመሬት ሽቦ ተዘረጋ፣ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ገባ፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋ መቁረጫም ተገጠመ። ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው እንዲንጠለጠሉ ተደረገ፤ ውሃ ቢወርድባቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ማሞቂያው ተጥሎ አዲስ ተገዛ። ሁሉም ነገር ከግድግዳው ሳይነቀል ማንም እጁን ውሃ ውስጥ አይከትም፤ ዲፓንካርም ቢሆን።

ዓሦቹ ደህና ናቸው። አማቹ ወፍሯል። ዲፓንካርም ዛሬም ፊታቸው ተቀምጦ ሻዩን ያቀዘቅዛል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ እናቱ «ዛሬ ምስሩ ጨው በዝቶበታል» ብትል እንኳ ሳይስቅ ከመቀመጫው ይነሳና ይቀምሳል።