ትንሽ አሟታል

አይናለም ስልኩን ከጆሮዋ ስታወርድ እናቷን በልቧ ቀብራ ጨርሳ ነበር።

የደወለው አጎቷ ሰውመሆን ነው፤ ከትውልድ ቀበሌዋ ከቁሐር ሚካኤል። አጎቷ ስልክ ሲይዝ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ ይጮሃል። ያን ማክሰኞ ግን ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር። «እናትሽን ትንሽ አሟታል። ከቻልሽ ብቅ በይ። አይዞሽ፣ የሚያሰጋ አይደለም» አላት። «እሺ አያ» ብላ ዘጋች። ምን ትጠይቀው? ወረታ ቤት ተከራይታ ስትማር አባቷ የሞተ ጊዜም የመጣላት ቃል ይኸው ነበር፦ ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ። ብቅ ስትል ጎረቤት ቤት አሳደሯት፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አረዷት። በእነሱ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ለራቀ ሰው ሞት ትንሽ ሕመም ሆኖ ነው የሚላከው።

የእናቷን የገላነሽን ቁጥር ሞከረች፤ ዝግ ነው። የወንድሟ የማረውም ዝግ ነው። ቤታቸው መብራት የለም፤ ስልክ የሚሞላው ወረታ ለገበያ ሲወጡ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ይኸን ታስታውስ ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታውም ማስረጃ ሆነባት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ኢክላስ። ኢክላስ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሁለቱም ለዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ መጥተው አንድ ዶርም ደርሷቸዋል።

«እማ ሞታለች።»

«ማን አለ?»

«አያ ሰውመሆን። ትንሽ አሟታል አሉኝ።»

ኢክላስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አይኔ፣ ሰው እኮ አንዳንዴ ዝም ብሎም ይታመማል። መልሰሽ ደውይና ጠይቂያቸው።»

«ያንኑ ነው የሚሉኝ። የእኛን ሰዎች አታውቂያቸውም?»

«አውቃቸዋለሁ። አንቺ ግን እዚያ ክፍል ከገባሽ ወዲህ ‹ደህና ዋልሽ› ስልሽ ራሱ ‹ምን ደብቃኝ ይሆን› ትያለሽ።»

«እዚያ ክፍል» ያለችው ዩኒቨርሲቲው ጎበዞቹን ከየትምህርት ክፍሉ ለቅሞ የጥንት መጻሕፍት የሚያስነብብበትን የክብር መርሐ ግብር ነው። ጥቂት ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዷን ገጽ ሳምንት ሙሉ ያገላብጧታል። መምህራቸው ዶክተር ዓለምብርሃን «ጽሑፉ ያለውን ተዉት፣ ያላለውን ንገሩኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ባለሟሎች ለንጉሣቸው «ልጅዎ ደክሞት ተኝቷል» የሚሉበት የግዕዝ ዜና መዋዕል ላይ ደረሱ። ሌሎቹ ልዑሉን ምን እንዳደከመው ሲከራከሩ አይናለም እጇን አወጣች። «ሞቷል እኮ። ለመርዶው እያለሳለሱለት ነው።» መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። የገበሬ ልጅ ነኝ ብላ አንገቷን የምትደፋው አይናለም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብላ ትቀመጥ ጀመር።

ዓርብ የዓመቱ የቃል ፈተና አለባት። ያልቀረበ ከክፍሉ ይወጣል።

«ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ብበርም አልደርስም» አለች። «ተፈትኜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለቅሶው ይጠብቀኛል። እማም ብትሆን ተፈተኚ ነበር የምትለኝ።»

«መንገዱ አሁን ክፍት ነው። ነገ ይዘጋ፣ ከነገ ወዲያ ይዘጋ፣ ማን ያውቃል?»

አይናለም ተነሣች። ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄዳ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና መጽሐፏን ገለጠች። እስከ ዓርብ እንዲሁ ነበረች። ዓርብ መምህራኑ ፊት ቀርባ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። ዶክተር ዓለምብርሃን እስከ በሩ ሸኟት።

ቅዳሜ ኢክላስ የራሷን ጥቁር ቀሚስ አለበሰቻትና አውቶቡስ ተራ አደረሰቻት። ደብረ ማርቆስ አድራ እሑድ ከሰዓት ወረታ ወረደች። ባጃጁ ውሃው እስከፈቀደለት ድረስ ወሰዳት። ሐምሌ ነውና ሜዳው ባሕር መስሏል። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ እየተንሸራተተች ሄደች። ቤታቸው ሲታያት ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ጮኸች። «እማ! እማዬ!»

አጎቷ ከድንኳኑ እየሮጠ ወጣ። ጥቁር መልበሷን ሲያይ ቆመ።

«ማን ነገረሽ? ሽማግሌ እንኳ ገና አላዘጋጀሁልሽም።»

«እርስዎው ነዎት እንጂ የነገሩኝ! ማክሰኞ!»

«ማክሰኞማ ነበረች።»

አይናለም ጩኸቷን አቋረጠች።

«ነበረች እንጂ» አለ ሰውመሆን። «በቃሬዛ ወረታ ብናደርሳት ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መልሷት አሉን። ያን ለታ ነው የደወልሁልሽ። ከብዷታል ብልሽ መንገድ ላይ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው። ያረፈችው ዓርብ ማታ ነው። የቀበርናት ትናንት።»

አይናለም ጭቃው ላይ ተቀመጠች። አጎቷም አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች፤ አዞርንላት። ሐሙስ ‹አይኔ የት ደረሰች?› አለችኝ። ምን ልበላት? መንገዱ ክፍት እንደሆነ ሹፌሮቹ ነግረውኛል። ተዘግቷል አልኋት። ‹እንኳንም አልተነሣች፤ እዚያው ትቀመጥ› አለች። ከዚያ በኋላ በሩን ማየት ተወች።» ወደ እሷ ዞረ። «ምን አቆየሽ ልጄ?»

«የሞተች መስሎኝ» አለች።

ሰውመሆን ትክ ብሎ አያት። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ከድንኳኑ ሰው እየወጣ ነበር።

«ይኸን ለማንም እንዳትናገሪ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማረውም ቢሆን። መንገድ ነው ብያለሁ፤ አንቺም መንገድ ነው በይ።»

ብብቷን ይዞ አነሣት። ሴቶቹ እየጮሁ ተቀበሏት፤ አንዷ ስትለቃት ሌላዋ ያዘቻት። ወንድሟ ማረው ሰዉን ገፍቶ መጣና አንገቷን አቀፈ። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ አብጧል።

«ምነው አይኔ? ምነው ዘገየሽ?»

ወደ አጎቷ አላየችም።

«መንገዱ ተዘግቶ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አላት ማረው፣ ጀርባዋን እየደባበሰ። «እማም አውቃ ነው የሞተችው።»